ባኞው ሞልቷል፣ ማስቀመጫ የለም

ከቶሮንቶ፣ ካናዳ
ይድረስ ለውድ እታለም፣ ሶፊ

ይህን ደብዳቤ የያዘችው ልጅ ቤተሰብ ልትጠይቅ ወደ ሐረር የምትመጣ ናት። ሦስተኛውን ቡና ሳትጠጣ እንዳትለቋት።

ባለፈው ስትደውይልኝ «ድምፅህ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፣ ውሃም ይንቦጫረቃል፣ የት ነህ?» እንዳልሽ መስመሩ ተቋረጠ። ባኞ ውስጥ ነበርኩ። አንቺ ለጸሎት ተነስተሽ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስትደውይ፣ እዚህ በበጋ ገና ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ከሥራ ገብቼ ወገቤን በሙቅ ውሃ የምነክርበት ሰዓት መሆኑ ነው። ቀጥሎ በላክሽው የድምፅ መልእክት ደግሞ «ሰውዬ፣ ውሃ ውስጥ ተቀምጠህ ስልኩን ምን ላይ አድርገህ ነው የምታወራው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። አቦ፣ እታለም! ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እዚህ የተለመደው ባኞ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጥሩ አድርጎ ከሞላ ወደ 160 ሊትር ይይዛል፤ በእኛ ቢጫ ጀሪካን ስምንት ማለት ነው። ሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ፣ የሐረር ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ዳገቱን በፓምፕ እየተገፋ ሲመጣ ያየ ሰው፣ ስምንት ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ሕሊናው ዝም አይልም። ለመጀመሪያ ጊዜ የማፍሰሻውን ውታፍ ነቅዬ ውሃው እየተንዶቀዶቀ ሲሄድ ሳየው፣ ይህን ሁሉ የሚቀበል ሳፋ ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ።

ውሃው እንግዲህ እንዲህ ሞልቶ ተርፏል። ዕቃ ማስቀመጫ ግን የለም። ግድግዳው ላይ አንዲት የሸክላ ሳሙና ማስቀመጫ አለች፤ ሳሙናውን ስታስቀምጪባት ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ባዶዋን ስትተዪአት ውሃ ታቁራለች። የባኞው ጠርዝ ጠባብና ክብ ስለሆነ ሻምፖው፣ ቅባቱና ምላጩ እዚያ ላይ ተሰልፈው የሚቆሙት በፈጣሪ ጥበቃ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ አንዱ ጠርሙስ ሳይነኩት ይወድቅና ባኞው ያስተጋባል። የሐረር ልጅ አይደለሁ፣ ጅቡ ገባ ብዬ በርግጌ እነሳለሁ።

በልጅነታችን ይህ ችግር ኖሮብን ያውቃል? ጓሮ ሳፋ ይቀርባል፣ ጣሳው ከውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ሳሙናው ድንጋይ ላይ፣ ፎጣው አጥር ላይ። የእማማ ገንዘብና ቁልፍ እንደሆነ ከነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ለአንቺ ይሰጣል። አባባ ሲታጠብ ደግሞ ማስቀመጫው እኔ ነበርኩ! ሰዓቱን በግራ እጄ፣ ቀለበቱን በአውራ ጣቴ፣ ፎጣውን በትከሻዬ ይዤ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ። «ሳሙና!» ሲል ሳልዞር ወደ ኋላ አቀብላለሁ። «ጣሳ!» ሲል ጣሳ። አንድ ቀን ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ብታርፍ በየትኛው እጄ እንደማባርራት አጥቼ እንባዬ መጣ። አሁን ሲገባኝ፣ እዚህ አገር ሱቅ ውስጥ በዶላር የሚሸጠው ዕቃ ሁሉ የታናሽ ወንድምን ሥራ የሚሠራ ነው።

ስለ ዕቃዎቹም ላውራሽ። አንደኛው ግድግዳው ላይ በሚመጥ ላስቲክ ተጣብቆ የሚቆም ቅርጫት ነው። አዲስ ሲሆን ይይዛል፤ እንፋሎት ሲበዛበት ግን ላስቲኩ ይለቅና የተሸከመውን ሁሉ እግርሽ ላይ ይደፋል። ሁለተኛው ከመታጠቢያው ቱቦ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የሽቦ መደርደሪያ ነው፤ ይዝጋል፣ ዝገቱም ነጩ ባኞ ላይ ቡኒ መስመር እያሰመረ ይወርዳል። ሦስተኛው ከወለል እስከ ጣሪያ በስፕሪንግ ተወጥሮ ጥግ ላይ የሚቆም ዘንግ ነው። እሱን እንኳ አላማውም፣ ግን ቤቱን ያከራየኝ ሰው ጣሪያው ላይ ክብ ምልክት ሲያይ ምን እንደሚል ስለማውቅ ተውኩት።

ማስቀመጫስ የእኛ ነው፤ ጁገል ውስጥ ያለውን የእማማን ወዳጅ ቤት አስቢው እስቲ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ካሠሩት ግንብ ውስጥ ያለችውን ከተማ ከነቤቶቿ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዝም ብሎ አይደለም። ነደባው፣ ያ ከፍ ያለው መደብ፣ መቀመጫም መኝታም ነው። ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መደርደሪያዎች ቁርዓኑን፣ መጽሐፉን፣ ሲኒውን ይይዛሉ፤ ስፌቱ ከላይ ይሰቀላል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ምንጣፍ ራሱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ እንዳለች ለመንገደኛው ይናገራል። ያንን ቤት የሠራ ግንበኛ የእኔ ባኞ ቤት ገብቶ ይህን ልሙጥ ግድግዳ ቢያይ፣ «ባለቤቱ ዕቃ የለውም እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

በመጨረሻ የገዛሁት ባኞው ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚጋደም የቀርከሃ ገበታ ነው። ግራና ቀኙ እየተሳበ ይረዝማል፣ ከሥሩ እንዳይንሸራተት ላስቲክ አለው። (ቀርከሃችን ጫካ ሙሉ ነው፣ እኔ ግን የቻይናውን ገዛሁ።) መሃሉ ላይ መጽሐፍ የሚደገፍበት ሽቦ፣ ከጎኑ ስልክ የሚሰካበት ስንጥቅ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የወይን ብርጭቆ አንገት የሚገባበት ጎኑ ክፍት የሆነ ቀዳዳ አለው። የፈረንጅ ወይን በቤቴ የለም። ሲኒ አስቀምጥበታለሁ ብዬ ብሞክር፣ ቂጧ ጠባብ ስለሆነ ሾልካ ወርዳ ስምንቱን ጀሪካን ቡና አደረገችው። አሁን እዚያ የሚሰካው መፋቂያዬ ነው፤ ልክ በልኩ ገጠመ!

ገበታው አዲስ ፈጠራ እንዳይመስልሽ። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ዣን ፖል ማራ የሚባል ጋዜጠኛ ነበር። ቆዳውን በሽታ ይበላው ስለነበር ቀኑን ባኞ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሳንቃ አጋድሞ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1793 ሻርሎት ኮርዴ የምትባል ወጣት «የአድመኞቹን ስም አመጣሁልህ» ብላ ገባች። እሱ የነገረችውን ስም ሲመዘግብ፣ እሷ ቢላዋዋን አውጥታ ደረቱን ወጋችው። ዳቪድ የተባለው ሠዓሊ በሳለው ሥዕል ላይ ሳንቃው አረንጓዴ ጨርቅ ለብሶ፣ ቀለሙና ብዕሩ ከባኞው ጎን በቆመ የእንጨት ሣጥን ላይ ተቀምጦ ይታያል። ዕቃውን ሁሉ እጁ በሚደርስበት አድርጎት ነበር፣ በሩን ግን አልቆለፈም። እኔ እቆልፋለሁ።

ከዚህ ሌላ የምለው፣ ገበታው ላይ ሥራ ማብዛት አልወድም። የሥራ ባልደረባዬ ላፕቶፑን ጭኖበት ሪፖርት ይጽፋል አሉ፤ ታዲያ ምኑን ታጠበው? የእኔ ላይ ሳሙና፣ መፋቂያና ስልክ ብቻ ነው ያለው፤ ስልኩም አንቺ ስለምትደውዪ ነው። እሱም ቢሆን ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ባኞ ቤት አይገባም፤ በዚህ ሰበብ የሞቱ ሰዎች አሉ። ስልኩ ውሃ አይፈራም ተብሎ ቢሸጥም የተፈተነው በንጹህ ውሃ ነው፣ በሳሙና አረፋ አይደለም። ልጆቹ ከአሁኑ ይስሙት።

ለአንቺም አንድ ገበታ በልጅቷ ልኬያለሁ። «ባኞ በሌለበት ምን ሊያደርግልን?» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ እማማም ሳትውል ሳታድር ረከቦት እንደምታደርገው አውቃለሁ። ብቻ ሲኒውን በቀዳዳው በኩል እንዳትደረድር ንገሪያት። በምላሹ የወይራ መፋቂያ ጠቅልላችሁ ላኩልኝ፣ እዚህ ያለው ደርቆ ድድ ይቧጭራል። ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ከመኪና ግርግርም አንድ ሽርጥ ይጨመርበት።

አባባን ሳሚልኝ። ባኞው ስንት ጀሪካን ይፈጃል ብሎ ከጠየቀሽ ሁለት በይው። የቀረውን ስድስት እኔ ስመጣ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ።

ወንድምሽ