ማተቤ አንገቴ ላይ ነው

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለውድ አባቴ፣

 

ባለፈው በስልክ «ነጭ ሸሚዝ የለበሱ፣ ክራቫት ያሰሩ የፈረንጅ ሰባኪዎች ከቤትህ አይጠፉም አሉ፤ እውነት ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። እኔ አልዘጋሁትም፣ ኔትዎርኩ ነው። ወሬውን ያደረሰልዎትን ሰው ግን አውቄዋለሁ። ቤት ሲቀይር ሶፋውን ተሸክመው ሦስት ፎቅ ያወጡለት እነዚያው ሰባኪዎች ናቸው፤ ይህንን ሳይነግርዎት ቀርቷል። ለማንኛውም ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ወደ አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ ይህንን ልኬልዎታለሁ። ለቄስ ገበዙ የሚያነቡላቸው ከሆነ እባክዎን እስከ መጨረሻው ያንብቡላቸው። መሐል ላይ ካቆሙ ተወግዤ ማደሬ ነው።

ልጆቹ ሞርሞኖች ናቸው። ከእኛ ጎን ያለውን አፓርታማ ቤተ ክርስቲያናቸው ተከራይቶላቸዋል። አንዱ ረጅም ነው፤ ድንች ከሚበቅልበት ከአይዳሆ የመጣ፣ ገና 19 ዓመቱ። ሌላው አጠር ያለ የዩታ ልጅ ነው። ጥቂት ወራት ይበልጠዋል፤ ስለሚበልጠውም ይቆጣጠረዋል። ለሁለት ዓመት የሚጠሩት በቤተሰብ ስማቸው ብቻ ነው፤ እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም አጥፈው አስቀምጠውታል። እኛ ቤት ረጅሙና አጭሩ ነው የምንላቸው።

ሃይማኖታቸው የሚጀምረው ጆሴፍ ስሚዝ የሚባል የገበሬ ልጅ «ከወርቅ ሰሌዳ ላይ ተረጎምኩት» ብሎ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1830 ኒውዮርክ ውስጥ ባሳተመው መጽሐፍ ነው። እሱ በ1844 ከተገደለ በኋላ ብሪገም ያንግ ሕዝቡን እየመራ በ1847 ዩታ በረሃ አስገባቸው። ቄስ ገበዙ «ሚስት የሚያበዙት እነሱ አይደሉም እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም። እዚህም የሐበሻ ወንድ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው ይህንኑ ነው፤ አንዳንዱማ ሲጠይቅ ፊቱ ላይ ተስፋ ይነበባል። በ1890 ትተውታል። የእኛዎቹማ እንኳን ሚስት ሊያበዙ፣ ሁለት ዓመታቸው እስኪያልቅ ከሴት ጋር ሲኒማ መግባትም አይፈቀድላቸውም።

ትልቁ ቤተ መቅደሳቸው ከእኛ ብዙም አይርቅም። ኬንሲንግተን ላይ፣ ከቤልትዌዩ አውራ ጎዳና ዳር፣ በነጭ እብነ በረድ የተሠራ፣ ጫፉ ላይ መለከት የሚነፋ በወርቅ የተለበጠ መልአክ የቆመበት ነው። የተመረቀው በ1974 ነው። ማታ መብራቱ ሲበራ፣ ከኤርፖርት የማሳፍረው አዲስ መጪ ሁሉ «የማን ቤተ መንግሥት ነው?» ይለኛል።

አሁን የሚያስገርምዎትን ልንገርዎት። እነዚህ ልጆች ደመወዝ የላቸውም። እንዲያውም ለመሥራት የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። የአሜሪካ ልጅ ከሆነ፣ ራሱ ያጠራቀመውን ወይም ቤተሰቡ የሚያዋጣለትን በወር 500 ዶላር ያስገባል። ባለቤቴ ይህንን ስትሰማ አስደግማ ጠየቀች። እኛ ከቤታችን የምንወጣው ገንዘብ ልንልክ ነው፤ የእነሱ ልጅ ከቤቱ ሲወጣ ገንዘብ ይላክለታል፣ ያውም በር ሊዘጋበት። ረጅሙ ከመምጣቱ በፊት አጎቱ እርሻ ላይ ድንች እየለቀመ ያጠራቅም እንደነበር ሲነግረኝ «ለመኪና ነበር?» አልኩት። «ለዚህ» አለኝ፣ ኮሪደሩን በጣቱ እያሳየ። አባባ፣ ኮሪደራችንን ስላላዩት ነው እንጂ ሰው ድንች ለቅሞ የሚከፍልበት ቦታ አይደለም። የሚላኩበትንም አገር አይመርጡም፤ ጥሪው በኢንተርኔት ይመጣላቸዋል፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይከፈታል። የረጅሙ ታላቅ ወንድም ብራዚል ደረሰው፤ ለእሱ ሜሪላንድ ወጣችለት። ዲቪ ሞልቶ ጎረቤት ቀበሌ እንደ መመደብ ይቁጠሩት።

ሳምንታቸው የሚጀምረው ሰኞ ነው፤ ሰኞ የእረፍት ቀናቸው ነው። እረፍት ሲባል ልብስ ማጠብ፣ አስቤዛ መግዛት፣ ጸጉር መቆረጥ ማለት ነው። አጭሩ የረጅሙን ጸጉር በረንዳ ላይ በማሽን ሲላጨው አይቻለሁ፤ በማግሥቱ በር የከፈተላቸው ሰው የቀነሰው በዚያ ይመስለኛል። ሰኞ ደግሞ ለእናታቸው የሚደውሉበት ቀን ነው። በፈረንጅ እስከ 2019 ድረስ የሚፈቀደው በዓመት ሁለቴ፣ ለገናና ለእናቶች ቀን ብቻ ነበር፤ አሁን በየሳምንቱ ሆኗል። ግድግዳችን ስስ ነውና እሰማለሁ። «ምግብ? ኧረ ሞልቷል! ብርዱ? ምንም አይልም! ሰዉ? በጣም ደግ ነው፣ ሁሉም ያዳምጠናል!» ይላል ረጅሙ፣ አፍንጫው ተዘግቶ። በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ቃል በቃል እኔ በየሳምንቱ ለእማዬ የምላት ነው። እባክዎን ይህቺን መስመር አያንብቡላት።

በሌላው ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይነሣሉ፣ ስፖርት ይሠራሉ፣ መጽሐፋቸውን ያነባሉ። ረፋድ ላይ ይወጣሉ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል መብራት ይጠፋል። ለመታጠብ ካልሆነ በቀር አንዱ ከሌላው ዓይን አይለይም። የቤተ ክርስቲያናቸው መኪና ውስጥ ደግሞ ፍጥነት ሲጨምሩ በድምፅ የሚገሥጻቸው መሣሪያ አለ። እኛ ኡበር ነጂዎቹ ላይ ቢገጠምብን ግማሻችን በሳምንቱ ሥራ እንለቅ ነበር።

ወደ ቡናው ልምጣ፤ ከባዱ እሱ ነው። ቡና አይጠጡም፣ ሻይ አይጠጡም፤ አልኮልና ትምባሆማ አይነሣ። ጆሴፍ ስሚዝ በ1833 ያስተላለፈው ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ ቤታችን የገቡ ዕለት ባለቤቴ ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ዕጣን አጭሳ፣ የተቆላውን ቡና አፍንጫቸው ሥር ስታዞር ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ረጅሙ በትሕትና «አንጠጣም» አላት። እሷ የሰማችው «ቤትሽን ንቄዋለሁ» እንዳላት ነው። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ዓይኗን ከነሱ ሳትነቅል ጨለጠችው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ አንድ በአንድ መረመረቻቸው። ገለባውስ? ቅጠሉስ? ወተት ቢገባበትስ? ጨውስ ቢጨመር? አጭሩ ስልኩን አውጥቶ መመሪያ ፈለገ፤ ስለ ጨው የተጻፈ አጣ። በመጨረሻ የታረቁት በብርዝ ነው። ማርና ውሃ፣ በዚያው ቀን የተበጠበጠ፣ ጌሾ ያልነካው። ረጅሙ ብርሌውን ደጋግሞ አስሞልቶ «ይሄ ሲቆይ ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ባለቤቴ እግሬን ረገጠችኝ።

የወሬው ምንጭ ደግሞ ይኼ ነው። አንድ ማታ ቁልፋቸውን ውስጥ ረስተው በሩ ተቆለፈባቸው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ባለቤቴ «ግቡና ጠብቁ» ብትላቸው፣ ወንድ በሌለበት ቤት ሴት ብቻዋን ካለች መግባት አይፈቀድልንም ብለው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አሉ። እሷም እንግዳ ደጅ አይራብም ብላ ሰሀኑን ይዛ ወጣችላቸው። ያ ወሬኛ ሲያልፍ ያየው እንግዲህ ክራቫት ያሰሩ ሁለት ፈረንጆች እኛ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጠው እንጀራ ሲጎርሱ፣ ባለቤቴም ከበላያቸው ቆማ «ብሉ እንጂ» ስትል ነው። ከዚያ በኋላ «ቤታቸውን ጸሎት ቤት አደረጉት» ለማለት የቀረው ጎጃም መደወል ብቻ ነበር።

ረቡዕ ራት ሲመጡ ሽሮና ጎመን ነው የሚጠብቃቸው። አጭሩ ሥጋ ይኖር እንደሆነ ብሎ ሽሮውን በቁራሽ እያማሰለ ሲፈልግ ስለ ጾም አወራን። «እኛም እንጾማለን» አለ ኮራ ብሎ፤ «በወር አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው እሑድ፣ ሁለት ማዕድ እንዘላለን፤ ውሃም አንቀምስም።» ባለቤቴ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾም፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ገሃድ። ልጁ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ወደ ጎመኑ ተመለሰ። (እሑድ እንደሚጾሙ ለቄስ ገበዙ ሲያነቡ ይዝለሉት።)

ያልበሉትን ማዕድ ዋጋ ግን አስልተው ለድሃ ይሰጣሉ። ያኔ ነው ረጅሙ «አያቴኮ ለኢትዮጵያ ጾማለች» ያለው። ለካ በ1985 ጃንዋሪ 27፣ በእኛ ጥር 19 ቀን 1977፣ የአሜሪካና የካናዳ ሞርሞኖች ለረኃባችን ብለው ጾመው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጥተው ነበር። ባለቤቴ የወሎ ልጅ መሆኗን ያውቃሉ፤ በ77 የእናቷ ጀርባ ላይ ነበረች። ምንም አላለች። ድስቱን አምጥታ የተረፈውን ሽሮ በሙሉ ረጅሙ ፊት ገለበጠችው፤ «በቃኝ» የሚለውን ሁሉ እንዳልሰማች ሆነች። ከዚያ ቀን ወዲህ የቡናው ነገር ተነሥቶ አያውቅም።

ሥራቸው እርስዎ የሚያውቁት ነው። በቆሎ ተማሪነትዎ አንድ እጅዎ አኩፋዳ፣ አንድ እጅዎ ዱላ ይዘው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ ውሻ ያሯሩጥዎት አልነበር? እነዚህን የሚያሯሩጣቸው በር ላይ የተተከለ ካሜራ ነው። ባለቤቱ ሳሎኑ ተጋድሞ በድምፅ ማጉያው «ቤት የለሁም» ይላቸዋል፣ ራሱ እየተናገረ። እነሱም አመስግነው ይሄዳሉ። እርስዎ ግን ቢያንስ ቁራሽ ይዘው ይመለሱ ነበር፤ እነሱ የሚለምኑት ሰውየውን ራሱን ነው። በ2024 በዓለም ዙሪያ ከ74 ሺህ በላይ ሰባኪዎች ነበሯቸው፤ በዚያ ዓመት ወደ 308 ሺህ ሰው ተጠምቆላቸዋል። ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ አካፍዬ አየሁት፤ ለአንድ ልጅ በዓመት አራት ሰው ገደማ ይደርሰዋል። እኔ አራት ሰው ከቁርስ በፊት አሳፍራለሁ፤ ለዚያውም የሚከፍሉኝን።

እኛን ሰብከውናል ወይ? አዎ፣ ሥራቸው ነው። በአማርኛ የታተመውን መጽሐፋቸውን አምጥተውልኛል፤ እኔም አመስግኜ ተቀብዬ የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ 81 መጻሕፍት እንዳሉት ነገርኳቸው። አጭሩ «ሰማንያ አንድ!» ብሎ ጮኸ። ዕድሜ ልካቸውን «መጽሐፍ ጨመራችሁ» እየተባሉ ሲወቀሱ የኖሩ ናቸውና ቁጥራችን አጽናናቸው። የእሑድ ጸሎታቸው ሁለት ሰዓት ነው፤ ድሮ ሦስት ሰዓት ነበር፣ በ2019 ተቀነሰልን አሉኝ። አዳራሻቸው ጀርባ የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለ። እኔም ማኅሌቱ ሌሊት ተጀምሮ ቅዳሴው መቼ እንደሚያልቅ፣ መቋሚያ ለምን እንደተሠራ አስረዳኋቸው። ረጅሙ ወንበር ስለመኖሩ ጠየቀ።

በሕንፃችን እስካሁን ያመነላቸው የለም፤ ያልተጠቀመባቸውም የለም። ሰው መርዳት የአገልግሎታቸው አካል እንደሆነና ገንዘብ እንደማይቀበሉ ሐበሻ የሰማ ዕለት ቅዳሜያቸው አለቀ። አልጋ የሚያነሣ፣ በረዶ የሚዝቅ፣ ለዜግነት ፈተና እንግሊዝኛ የሚያስጠና የፈለገ ሁሉ ስማቸውን ይዟል። አንዳንዱ እኛ በር መጥቶ «ጴንጤዎቹ አሉ?» ይላል። አይደሉም ብል ማን ሊሰማኝ፣ የሚፈልጉት ትከሻቸውን ነው።

በየስድስት ሳምንቱ ዝውውር አለባቸው፤ ማን እንደሚሄድ የሚያውቀው አለቃቸው ብቻ ነው። ሰሞኑን ዕጣው ረጅሙ ላይ ወደቀ። ባለቤቴ እርስዎ ከላኩልን በሶ ስንቅ ቋጠረችለት፤ ካልሲውንም ፈትሻ የተቀደደውን ጣለችበት። በእሱ ቦታ የመጣው የቶንጋ ልጅ ነው። በራችንን በጎኑ ዞሮ ነው የገባው፤ ብርዙን በጆግ ነው የጠየቀው። ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ መጥተው ብቻውን ፍሪጅ ያነሣ እንደሆነ ጠይቀውኛል፤ ልብስ ማጠቢያ ማሽንም አላቸው።

ብሩ በወሩ መጨረሻ ይደርስዎታል። በሶው አልቋል፤ በሚቀጥለው ሰው እጅ ሲልኩ ለሁለት ቤት የሚበቃ ያድርጉት፤ የቶንጋውን ልጅ ግን እንደ ሦስተኛ ቤት ይቁጠሩት።

ልጅዎ