አስተያየት ሰጥቼ አረጀሁ

የሚጠይቀኝ በዛ። ድሮ መሥሪያ ቤት ስገባ የምጠየቀው ስም ከነአያት፣ የቤት ቁጥርና መታወቂያ ነበር። ዛሬ ስሜቴን ይጠይቁኛል። «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?» ይላል ግድግዳው። «የእርስዎ አስተያየት ለእኛ ግብዓት ነው» ይላል በሩ። ግብር ልከፍል ብሄድ፣ ካርታ ልጠይቅ ብሄድ፣ የቀበሌ መታወቂያ ላሳድስ ብሄድ (ወረዳ ነው እያሉ ያርሙኛል፤ እነሱ ስም በቀየሩ ቁጥር ምላሴን የምቀይርበት ዕድሜ ላይ አይደለሁም) «እንዴት ነበር?» የሚለኝ አላጣም። የወለድኳቸው ልጆች እንኳ እንዲህ አጥብቀው አይጠይቁኝም። እነሱ ይደውሉና «ደህና ነህ አባባ?» ብለው መልሱን ሳይሰሙ ይዘጋሉ። መሥሪያ ቤቱም አይሰማም፤ እሱ ግን በጽሑፍ ነው የማይሰማው።

መጠየቁን ጠልቼ አይደለም። ሕዝቡን ሳይጠይቅ የሚገዛ መንግሥት ምን እንደሚመስል ለሌላው እነግራለሁ እንጂ ለእኔ አይነገርም። የሚያንገበግበኝ አጠያየቁ ነው። እስቲ ቅጹን ልብ ብላችሁ እዩት። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ ግማሹ ፊደል ጠፍቷል፣ ሠንጠረዡም ወደ ግራ ዘሟል። አናቱ ላይ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የትምህርት ደረጃ ይላል። ከዚያ ይወርዳል፦ እጅግ በጣም ረክቻለሁ፣ በጣም ረክቻለሁ፣ ረክቻለሁ፣ በመጠኑ ረክቻለሁ፣ አልረካሁም። ለረካ ሰው አራት ማረፊያ፣ ላልረካ አንድ! የእኔ ብስጭት ደግሞ ደረጃው ብዙ ነው፤ ወረፋ ላይ የሚይዘኝ አለ፣ መስኮቱ ጋ የሚነሳብኝ አለ፣ ቤቴ ገብቼ ራቴን የሚከለክለኝም አለ። የትኛው እንደሆነ የሚጠይቀኝ የለም።

ዝቅ ሲል «የአመራሩ ቁርጠኝነት እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። አመራሩን አይቼው አላውቅም፤ የማውቀው በሩን ነው። በሩ ቁርጠኛ ነው፣ ይህን መመስከር እችላለሁ። መጨረሻ ላይ «ሌላ ተጨማሪ አስተያየት ካለዎት» ይልና አንድ መስመር ተኩል ነጠብጣብ ይተዉልኛል። በዚያ ላይ ስሜን ብቻ ጽፌ አልጨርስም።

ዋናው ጉድ ግን ቅጹን የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ነው። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ራሷ ናት። ፋይሌ ክርኗ ሥር ነው። ማኅተም ገና አላረፈበትም። «አባባ፣ ይቺን ቶሎ ሞልተው ይሰጡኛል? ለሪፖርት ነው» አለችኝ። ፊት ለፊቴ ቆማ ታየኛለች፤ ማኅተሙን ይዛዋለች። ምን ልሙላ? «እጅግ በጣም» የሚለው ላይ ራይት አደረግኩበት። ከኋላዬ ያለው ጎልማሳ የእኔን በትከሻዬ በኩል አየና ሳያነብ እንደዚያው አደረገ። በዓመቱ መጨረሻ የተገልጋይ እርካታ ይህን ያህል በመቶ አደገ ተብሎ የሚነበበው ከዚህ ተለቅሞ ነው። ማደጉማ ምን ይደንቃል፣ ማኅተሙ በማን እጅ ሆኖ!

እሺ፣ ፊት ለፊት ያሳፍራል፣ በድብቅ ጻፍ ትሉኝ ይሆናል። ለዚህም የሐሳብ መስጫ ሣጥን አለ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ተሰቅሏል፤ አሉሚኒየምና መስታወት ነው፣ ቁልፉ ዝጓል። መስታወት መሆኑ ደግ ነው፣ ውስጡ ይታያል። የከረሜላ ልጣጭ አለ፣ የወረፋ ቁጥር ያለበት ቁራጭ ወረቀት አለ፣ አንድ አራት ቦታ የታጠፈ ደብዳቤም አለ፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ደብዳቤው የማን እንደሆነ ባላውቅም አዝንለታለሁ። ያን ዕለት ለዘበኛው «ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?» አልኩት።

«ሰው ሀብት ያለ ልጅ ነበር የሚይዘው፤ ተዛውሯል ጋሼ።»

«ቁልፉስ?»

«ርክክብ አላደረገም።»

ሣጥኑ ግን በንብረት መዝገብ ላይ በትክክል እንደሰፈረ አረጋግጦልኛል።

እኔ የምጽፈው ሐሳብ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ለተገልጋይ የተሠራው መጸዳጃ ቤት ይከፈት ነው። ተቆልፎ ቁልፉ ጸሐፊዋ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ወጣት ይችለው ይሆናል፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ግማሽ ቀን ወረፋ ይዞ ይህን መቻል አይሆንለትም፣ ተራውን ጥሎ ከሄደ ደግሞ ተመልሶ ከመጨረሻው ነው። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ከግቢው ውጭ ጥላ ዘርግቶ ወደሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ሄድኩ። ይህ ሰው በታይፕ ዘመን የጀመረ ነው፤ ዛሬ ላፕቶፕ አለው፣ ቋንቋው ግን አልተነካም።

«ክስ ነው፣ ይግባኝ ነው ጋሼ?»

«ሐሳብ ነው።»

«ሐሳብ?» መነጽሩን አወለቀ። «በሕይወቴ ሐሳብ ጽፌ አላውቅም። ማመልከቻ አድርገን ብንወስደውስ?»

ወሰደው። «ጉዳዩ፦ ሽንት ቤት እንዲከፈትልኝ ስለመጠየቅ» ብሎ ጀመረና «እኔ አመልካች ዕድሜዬ የገፋ፣ ጧሪና ቀባሪ የሌለኝ» ሲል አስቆምኩት። ልጆች አሉኝ እኮ! «ይሁን ጋሼ፣ ካላስለቀስን አይሰሙንም» አለኝና ቀጠለ። ከላይ ለመንግሥት ሠራተኛው ዕድሜና ጤና ተመኘ፣ ከታች «ግልባጭ ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ዘጋው። ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ ከብዛቱ የተነሳ አፉ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ።

በዚህ ሰው ግን አልፈርድም። የዚህ አገር ሰው ለመንግሥት ሲናገር የለመደው ተማጽኖውን ነው። ድሮ መኳንንቱ አገሩ ምን እንደሚያስብ ማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛው ሜዳ ላይ የፈለገውን ይዘፍናል፣ ሰሚ አለ ብሎ አያስብም፤ ስለዚህም እውነቱን ይናገራል። ዕድሜውንና የትምህርት ደረጃውን የጠየቀው አልነበረም። ፊት ለፊቱም ማኅተም ይዛ የቆመች ልጅ የለችም። እንዲህ ያለውን ሊቅ የሚያስንቅ ጥናት የዛሬ አማካሪ ድርጅት በስንት ገንዘብ ይሠራዋል?

ከዚያ በኋላ እኔ የደረስኩበት አለ። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ማንኛውም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት ተሰጥቶት ነበር፤ ሰዉም ንጉሡ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «አቤት!» እያለ ይወድቅ ነበር። ዘመኑን ለማሞገስ አይደለም የምናገረው። መሬቱን ተቀምቶ ያችን ወረቀት ይዞ መንገድ ላይ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነበር። ለሣጥን ግን አልጮኸም፤ የሚጮኸው ለሰው ነው፣ ሰውየውም ቢያንስ ዘወር ብሎ ማየቱ አይቀርም።

ደርግ ደግሞ ጥያቄውን በአዳራሽ አደረገው። ሰኔ 1978 የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ወጥቶ፣ 120 አንቀጽ ይዞ፣ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ «ተወያዩበት» ተባለ። እንዳይቀር ተብሎ ስም ይጠራል። የእኛ ሊቀመንበር አንቀጹን እንደ ዳዊት እየደገመ ያነባል፣ እኛ እናዳምጣለን፣ ከኋላ የሚያንቀላፋም አለ። ሕዝቡ ግን ተናገረ፤ በግብር፣ በሃይማኖት፣ በተለይም ከአንድ ሚስት በላይ ማግባትን በሚከለክለው ላይ ክርክሩ ጦፈ። ከመላ አገሪቱ እስከ 500,000 የሚደርስ የማሻሻያ ሐሳብ ቀረበ ተባለ። አርቃቂው ኮሚሽን የተቀበለው 95 ማሻሻያ ነበር፤ አብዛኛውም ጥቃቅን። በሰፈራችን አንዲት እናት ተነስተው ኅብረት ሱቅ ስኳር የሚገባው መቼ እንደሆነ ቢጠይቁ «ይህ ሕገ መንግሥት ነው፣ ስኳር ሌላ አጀንዳ ነው» ተባሉ። ከዚያ በጥር 1979 ሄደን ድምፅ ሰጠን። ስኳሩ የትኛው አንቀጽ ሥር እንደወደቀ ዛሬም ይከነክነኛል።

ኢሕአዴግ ሲመጣ ግምገማ መጣ፣ ከዚያ ቢፒአር፣ ከዚያ ቢኤስሲ፣ ከዚያ ካይዘን ከነአምስቱ «ማ»ዎቹ፣ ከዚያ የለውጥ ሠራዊት። እያንዳንዱ ሲመጣ የሕዝብ አስተያየት ተሰበሰበ፤ እያንዳንዱ ሲሄድ የሣጥኑ ቀለም ታደሰ። ያ ሁሉ አልፎ ግድግዳው ላይ የቀረልን የዜጎች ቻርተር የሚባለው ሰሌዳ ነው። አንብቡት፣ እኔ ወረፋ ላይ ሆኜ በቃሌ ይዤዋለሁ። የአገልግሎቱ ዓይነት፣ የሚወስደው ጊዜ 20 ደቂቃ፣ ጥራት 100%፣ ከተገልጋዩ የሚጠበቅ ቅድመ ሁኔታ። ደቂቃው የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ግን አይናገርም። ብጠይቅ «ሲስተም ከመጣ በኋላ» አሉኝ።

ቅሬታ ሰሚ የሚባል ሹምም አለ። ቢሮ ቁጥሩ በሰሌዳው ላይ ተጽፏል፣ ቢሮው ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ቅሬታ ያለውን ሰው ጉልበቱን የሚፈትኑት ይመስለኛል። እያረፍኩ ወጣሁ። ወንበሩ ባዶ ነው፣ ጃኬት ተሰቅሎበታል።

«የሉም አባቴ፣ ስልጠና ሄደዋል» አለችኝ ጎን ካለው ጠረጴዛ።

«የምን ስልጠና?»

«የቅሬታ አቀባበል።»

ስቄ ወረድኩ፤ ከዚያ በላይ ምን አደርጋለሁ። በሕጉማ ቢሆን የጎደለብን ነገር የለም። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ሲቋቋም አቤቱታ በጽሑፍም በቃልም፣ ያለ ክፍያ ማቅረብ እንዲቻል ተደንግጓል። በቃል! ይህን የጻፈው ሰው የእኔን የሚንቀጠቀጥ እጅ ያየ መሆን አለበት። ከፍ ካለው ቦታ አዋጅ ይወጣል፤ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቁልፉ ይጠፋል።

አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ ስልክ ገብቷል። ኪው አር ኮድ የሚሉት ጥቁርና ነጭ ሰድር በር ላይ ተለጥፏል፣ «ስካን ያድርጉ» ይላል። የእኔ ስልክ በቁልፍ የሚሠራ ነው፤ ስካን የሚያደርገው ኪሴን ብቻ ነው። የልጅ ልጄን ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ስልክ ቁጥር ጠየቀን፣ ቀጥሎ ኮድ ላከ፣ ኮዱ እስኪገባ ጊዜው አለፈበት፣ እንደገና ላከ። በመጨረሻ አምስት ኮከብ መጣ። «ስንት ልስጣቸው አያቴ?» አለኝ። ሆቴል ነው እንዴ ልጄ? እኔ የምፈልገው ሽንት ቤቱ እንዲከፈት ነው፤ ሽንት ቤት በኮከብ እንዴት ይነገራል?

በአጭር ቁጥር መደወልም አለ። «ለአማርኛ አንድን ይጫኑ»፣ ተጫንኩ። ዘፈን ተለቀቀ። ዘፈኑን እስክሸመድደው ድረስ ጠብቄ መስመሩ ተቋረጠ። ወዲያው መልእክት ገባ፦ የተሰጠዎን ምላሽ ከ1 እስከ 5 ይመዝኑ። የትኛው ምላሽ? ዘፋኟን ከሆነ አምስት ይገባታል።

ማታ ዜና ስከፍት ደግሞ «አስተያየታቸውን የሰጡን ነዋሪዎች በአገልግሎቱ መርካታቸውን ገለጹ» ይላል። እኚህን ነዋሪዎች እፈልጋቸዋለሁ። ሁልጊዜ ሦስት ናቸው፤ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት፣ አንድ ኮፍያ ያደረገ ወጣትና አንድ እጁን ወደኋላ ያደረገ ጎልማሳ። ሁሉም «ከዚህ በፊት ብዙ እንንገላታ ነበር» ብለው ይጀምራሉ። ሲንገላቱ በነበረበት ጊዜ ግን ካሜራ የመጣላቸው አይመስለኝም።

በፍርዴ እንዳላዳላ አንድ ነገር ልጨምር። መሶብ የሚሉት የአንድ ማዕከል አገልግሎት በ2017 ከተከፈተ ወዲህ ብዙ መሥሪያ ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ገብቷል። ጎረቤቴ ሄዳ ጉዳይዋን በአንድ ጠዋት ጨርሳ መጣችና ሰፈሩን ሁሉ ስታውክ ሰነበተች። «ወንበሩ ራሱ ለስላሳ ነው» ትለኛለች። ደስ ብሎኛል፤ ትንሽም ሰግቻለሁ። ሁሉም እንዲህ ከሆነ እኔ ቡና ላይ ምን አወራለሁ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሣጥኑ ዓርብ ዓርብ ሰው እያየ ይከፈት። የሚከፍተው መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ ሳትሆን ሌላ ሰው ይሁን፤ ወረቀቱን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ የማይነበብ ስድብ ካለበት ይዝለለው። ከዚያ በቻርተሩ ሰሌዳ ጎን አንድ ወረቀት ይለጠፍ፤ ይህን ጠየቃችሁ፣ ይህን አደረግን፣ ይህን ደግሞ አናደርግም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው። «ሽንት ቤቱ አይከፈትም፣ ውሃ የለም» ቢሉኝ እንኳ እቀበላለሁ። ወንበር ስቤ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ፣ ፊርማውን አያለሁ፣ ቀኑን አያለሁ። የምቃወመው ነገር ካለ ደግሞ ማመልከቻ ጸሐፊው እዚያው ጥላው ሥር ነው፤ በዚህኛው ላይ ልጆቼን ከነስማቸው እንዲጽፍልኝ አደርጋለሁ።