መጋቢ ሆይ፣ ዝም እንዳይሉ!

ወሬው ደርሶዎታል። ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ ሻይ ሲጠጣ አንዲት እህት፣ «መጋቢያችን ለቅሶ የሚደርሱት ባለ መኪና ቤት ብቻ ነው፤ እነዚያ ምስኪኖች ጋ መቼ ብቅ አሉ?» ብላለች። እርስዎ ግን በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሄደው፣ ጸልየው፣ ንፍሮ ቀምሰው ተመልሰዋል። እሷ ስላልነበረች አላየችዎትም። በሐሰት ተነቀፉ ማለት ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት! እንዲህ ያለ ዕድል በየሳምንቱ አይገኝም።

በመጀመሪያ ደረጃ ስልክ እንዳያነሱ። «እህቴ፣ ሄጄ ነበር እኮ» ካሏት ነገሩ በ2 ደቂቃ ያልቃል። ይባስ ብላ ይቅርታ ጠይቃ ቡና ትጠራዎት ይሆናል። በቡና ያለቀ ነገር ደግሞ ለስብከት አይሆንም።

እሁድን ይጠብቁ። ስም አይጥሩ፤ ስም መጥራት ሐሜት ነው። «በመካከላችን የሚሠራ መንፈስ አለ» ብለው ይጀምሩና ዓይንዎን እሷ በተቀመጠችበት ረድፍ ላይ ጥቂት ያቆዩት። ተቺዋ ሴት ከሆነች ኤልዛቤል አለችልዎት፤ ወንድ ከሆነ ቆሬ አለ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ለስለስ ባለ ዜማ ያጅብዎት። «አጠገብህ ላለው ሰው፣ አፍህን ጠብቅ በለው!» ሲሉ አዳራሹ ሙሉ እርስ በርሱ ይገሣጻል። እስከ ቅዳሜ ድረስ ወሬውን የሰሙት 4 ሰዎች ነበሩ።

ቀጥሎ የተቀቡትን ስላለመንካት የሚናገረውን ጥቅስ ያምጡ። መዝሙር 105ን ግን ከፍተው እንዳያነቡ፤ በተለይ ከጥቅሱ ከፍ ብሎ ያለውን። የተቀቡ የተባሉት አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ናቸው፤ በቁጥር ጥቂት የሆኑ፣ ከአገር አገር የሚንከራተቱ መጻተኞች። እጃችሁን ሰብስቡ የተባሉት ነገሥታቱ ናቸው። መድረኩም፣ ማይኩም፣ የቢሮው ቁልፍም በእርስዎ እጅ ሳለ ራስዎን ከመጻተኞቹ ወገን መመደብ ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል፤ ግን አይስጉ፣ የሚነቃ ሰው ጥቂት ነው። የዓይንጋዲን ዋሻ ታሪክም ባያነሱት ይሻላል። ዳዊት እግዚአብሔር በቀባው ላይ እጄን አላነሣም ያለው የሳኦልን የልብስ ጫፍ ቆርጦ በያዘባት ሰዓት ነው፤ ያውም ስለሚያሳድደው ሰው እንጂ ስለ ራሱ አልነበረም። የተቀባው ሰው ራሱ ይህን ሲጠቅስ አላየሁም። ዳዊት ነግሦ ሳለ እንኳ ሳሚ የተባለ ሰው እየተራገመ ድንጋይና አፈር ሲወረውርበት፣ ራሱን ልቁረጠው ያለውን አቢሳን ከልክሎ መንገዱን ቀጠለ።

እርስዎ ግን አቢሳን አያሳዝኑት። አቢሳ የሌለበት ቤተ ክርስቲያን የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አስተናጋጆች መካከል አይጠፋም። «መጋቢ፣ ይህቺን ሴት እኔ ላናግራት?» ሲልዎት እሺም እምቢም አይበሉት። በረጅሙ ተንፍሰው «ጌታ ያውቃል» ይበሉ። ይገባዋል።

ከዚያ ሽማግሌዎቹን ይሰብስቡ። ርእሱን «የጸሎት ርእስ» ይበሉት። አንዱ «ሄደው ነበር አይደል እንዴ? ለምን አይነግሯትም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በሚቀጥለው ስብሰባ አይጥሩት። (በሽምግልና ባገለገልኩበት ዘመን ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከኋላ፣ በር ሥር ነው የምቀመጠው። አየሩ ጥሩ ነው።)

ጽሑፍም ያስፈልጋል። ነህምያን እንዳይከተሉ፤ እሱ ሥራ የበዛበት ሰው ነበር። ሰንባላጥ «ልትነግሥ ነው» የሚል ክስ ባልታሸገ ደብዳቤ ሲልክበት፣ ያልከው ነገር የለም፣ ከልብህ የፈጠርኸው ነው ብሎ ወደሚያሠራው ቅጥር ተመለሰ፤ ቅጥሩም በ52 ቀን አለቀ። እርስዎ 52ቱን ቀን ለደብዳቤው ይስጡ። ቅጥሩ የትም አይሄድም። የአገልግሎት ዘመንዎን፣ የጾሙትን ጾም፣ ያልወሰዱትን ደመወዝ ይዘርዝሩና ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይልቀቁት። ለቅሶውን መድረስዎን መጥቀስ ግን ይርሱ፤ እሱ ዝርዝር ጉዳይ ነው።

በአራተኛው ወር የዚያች እህት እናት ያርፋሉ። ድንኳን ይጣላል። መዘምራኑ «መጋቢ፣ ስንት ሰዓት እንገናኝ?» ብለው ይደውሉልዎታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገብተው አጠገቧ መቀመጥ እንዴት ይሆንልዎታል? መኪናዎን አስነስተው እስከ መታጠፊያው ይሂዱ። ድንኳኑን ከሩቅ ይዩት። ስልክ የተደወለልዎት አስመስለው ይመለሱ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት ንፍሮ እያዞረች፣ «መጋቢያችሁ አልመጡም እንዴ?» ብላ ትጠይቃታለች።

«እኔ ጓዳ ሳለሁ መጥተው ይሆናል» ትላለች።