ሹራብን ወገብ ላይ ስለማሰር፦ አጭር ጥናት

መነሻ፦ ትምህርት ቤት ተማሪው ሁሉ አንድ እንዲመስል ዩኒፎርም ያስለብሳል። የአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ነፃ ሰው ነውና በዚህ አይስማማም። ሱሪውን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ያስጠብባል፤ ሹራቡን ወገቡ ላይ ያስራል፤ ቦርሳውን በአንድ ትከሻ ያንጠለጥላል። ከጎኑ የሚቀመጠው ልጅም የዚያኑ ያህል ነፃ ስለሆነ፣ ሱሪውን እዚያው ልብስ ሰፊ ዘንድ በዚያው ልክ አስጠብቧል።

ግኝት አንድ፦ በግቢው ውስጥ ሁለት ዩኒፎርም አለ። የመጀመሪያውን ለማስከበር ዳይሬክተር፣ ዩኒት ሊደርና የበር ዘበኛ ተመድበዋል፤ አልተሳካላቸውም። ሁለተኛውን እንዲያስከብር የተመደበ የለም፤ የሚጥሰውም የለም።

ቅጣታቸውም ይለያያል። የመጀመሪያውን የጣሰ ወላጅ ያመጣል። ሁለተኛውን የጣሰ «ፋራ» ይባላል፤ ይህም ይግባኝ የለውም። እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልጃቸውን የቤት ስም እየጠሩ በእረፍት ሰዓት ግቢ ከገቡ ግን ሁለቱ ቅጣቶች ተደራርበው ይፈጸማሉ።

ግኝት ሁለት፦ እ.ኤ.አ. በ1951 ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር፣ አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ተማሪዎች የመስመሮችን ርዝመት እንዲያነጻጽሩ ያደረገበትን ሙከራ አሳተመ። ተፈታኙ ሳያውቅ፣ አብረውት የተቀመጡት ሁሉ በአንድ ድምፅ እንዲሳሳቱ ተነግሯቸው ነበር። ከተፈታኞቹ ከአራቱ ሦስቱ ያህል፣ ዓይናቸው እያየ፣ ቢያንስ አንዴ ከስሕተቱ ጋር ተስማምተዋል።

እኛ ዘንድ ይኸው ሙከራ ያለ ምንም ወጪ በየቀኑ ይካሄዳል። የፊዚክስ መምህሩ ሰሌዳውን ሞልተው ዞር ይሉና «ገባችሁ?» ይላሉ። «አዎ!» ይላል ክፍሉ። «ያልገባው አለ?» ጸጥታ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን እስከ ጆሮዋ ታነሣለች፤ ግራ ቀኝ ታያለች፤ ከዚያ ፀጉሯን ታስተካክላለች። በሳምንቱ ፈተና ታርሞ ሲመለስ፣ ያልገባውም በኅብረት እንደሆነ ይታወቃል።

አሽ እንዳሳየው፣ ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን መልስ ከተናገረ ተፈታኙ ከብዙኃኑ ጋር የሚሳሳተው እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። ክፍላችንም ለዚህ ዝግጁ ነው፦ ሁለተኛ ሆኖ እጁን የሚያወጣ ሞልቷል።

ምክረ ሐሳብ፦ ሹራብ ወገብ ላይ ማሰር ግዴታ ይሁን፤ የሱሪም ጥበት በየጠዋቱ በር ላይ በሜትር ይለካ። በወሩ ሹራቡ ሁሉ በሥርዓት ተለብሶ ይገኛል።

ረቂቁ ለመምህራን ስብሰባ ሲቀርብ ሰብሳቢው «ተቃውሞ ያለው?» ብለው ይጠይቃሉ። መምህራኑ አንዱ የሌላውን ፊት ያያሉ። ረቂቁ በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል፤ ከስብሰባው በኋላም ሻይ ላይ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው በልባቸው ተቃውመው እንደነበር ይነጋገራሉ።