ጀርባ ሰጥቶ ስለ ማዳመጥ፦ የሉተራን የኦርጋን ኮንሰርት ምርመራ

የዚህ ጥናት ዓላማ አንድ ጥያቄ መመለስ ነው። መግቢያው ነፃ የሆነ፣ ተጫዋቹ የማይታይ፣ የሚጨበጨብበት ሰዓት የማይታወቅ፣ ሲያልቅ ደግሞ ቡና የሚጠጣበት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን የኦርጋን ኮንሰርት አራት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳይሞት የኖረው በምን ኃይል ነው? ነገረ መለኮት ያጠኑ በእምነት ነው ይላሉ። ሙዚቃ ያጠኑ በሙዚቃ ደራሲውና በኦርጋኒስቱ በባኽ ነው ይላሉ። ይህ ጥናት ከሁለቱም ወገን ሳይጣላ መልሱን በሙዳየ ምጽዋቱ አካባቢ ይፈልጋል።

በቅድሚያ ዕቃውን እንለይ። እዚህ ኦርጋን የምንለው የሠርግ ባንድ በብብቱ ይዞት የሚዞረውን ኪቦርድ አይደለም። ይኼኛውን ሰው አይሸከመውም፤ ሕንፃው ነው የሚሸከመው። ትልልቆቹ በሺህ የሚቆጠሩ ቧንቧዎች አሏቸው። አጭሩ ከእርሳስ አይበልጥም፤ ረጅሙ፣ 32 ጫማ የሚባለው፣ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። የዚህ ቧንቧ ድምፅ በሴኮንድ 16 ጊዜ ገደማ ብቻ ስለሚርገበገብ ጆሮ በቅጡ አይይዘውም። የሚይዘው አግዳሚ ወንበሩ ነው፤ ከወንበሩም ወደ ተቀማጩ ይተላለፋል። ስለዚህ ሙዚቃ የሚደመጠው በጆሮ ብቻ ነው የሚለው የቆየ አስተሳሰብ በሰውነት ጥናት ረገድ ያልተሟላ ነው።

ተጫዋቹ በሁለት እጁም በሁለት እግሩም ይሠራል። ለእግሩ ሶሉ የሳሳ የተለየ ጫማ አለው፤ በዚያ ጫማ መንገድ አይኬድም። ከጎኑ ረዳት ይቆማል። የረዳቱ ሥራ ገጽ መግለጥ፣ ድምፅ የሚለውጡትን እንቡጦች መሳብና መግፋት ነው። በሰዓቱ ከሳበ ስሙን የሚያነሳ የለም፤ ከሳተ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ያውቃል። ኤሌክትሪክ ሳይመጣ በፊት ደግሞ ከኦርጋኑ ጀርባ ወናፍ ረጋጮች ነበሩ። ተጫዋቹ አንድ እንቡጥ ሲስብ ከኋላ ደወል ይጮኻል፤ እነሱም መርገጥ ይጀምራሉ። ባኽ የተጫወተው ሁሉ የተነፈሰው በእነዚህ ሰዎች እግር ሲሆን፣ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች የጫማ ቁጥራቸውን እንኳ ሳይመዘግቡ አልፈዋል።

አንዳንድ የጥንት ጀርመን ኦርጋን ሠሪዎች ለምንም የማያገለግል እንቡጥም ያስገቡ ነበር፤ ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ እንዲታይ። ከእነዚህ አንዱ የቀበሮ ጭራ ይባላል። የማያገባው ሰው ገብቶ ሲስበው እውነተኛ የቀበሮ ጭራ እጁ ላይ ይወጣለታል። ይህ ጥናት በመሥሪያ ቤት አስተዳደር ውስጥ ይህን የሚስተካከል የቁጥጥር ዘዴ ፈልጎ አጥቷል።

ስለ አየሩ ጠባይም አንድ ነገር ይነገር። ቤቱ ሲሞቅ የአብዛኞቹ ቧንቧዎች ቃና ከፍ ይላል፤ ምላስ ያላቸው ቧንቧዎች ግን ባሉበት ይቀራሉ፤ ሁለቱ ወገኖች ይጣላሉ። ቤት የሚያሞቀው ደግሞ ሰው ነው። በሳይንስ አነጋገር ኦርጋን ብዙ ታዳሚ አይወድም ማለት ነው። ታዳሚው ይህን በሚያስመሰግን ትብብር ያከብርለታል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። በሰሜን ጀርመን ሉቤክ የሚባል የነጋዴ ከተማ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋ ነጋዴዎች ወደ ልውውጥ ገበያቸው ከመግባታቸው በፊት በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰቡ ነበር። ኦርጋኒስቱ ፍራንስ ቱንደር ጊዜያቸውን እንዲያሳልፉ፣ እግረ መንገዱንም በእነሱ ዘንድ እንዲወደድ፣ አንዳንድ ነገር ይጫወትላቸው ጀመር። የተከበረው የቤተ ክርስቲያን ኮንሰርት የተወለደው እንግዲህ በገበያ መጠበቂያ ክፍልነት ነው። ነጋዴው ሰምቶ ዝም አላለም፤ ኪሱን ፈታ። ዝግጅቱ «የምሽት ሙዚቃ» ተባለ፤ መግቢያው ነፃ ሆኖ ወጪው በነጋዴዎቹ ችሮታ ተሸፈነ።

ቱንደር ከሞተ በኋላ በ1668 ዲትሪኽ ቡክስተሁደ ተተካ፤ በዚያው ዓመት የቱንደርን ልጅ አገባ። ቡክስተሁደ የምሽቱን ሙዚቃ ከገና በፊት ባሉ አምስት እሑዶች ላይ አደራጀው። የቤተ ክርስቲያኑ ሒሳብ ያዥም እሱ ስለነበር ሙዚቃውን የጻፈበት እጅ ለነጋዴዎቹ የልመና ደብዳቤም ይጽፍ ነበር። ከዚያ ዘመን ወዲህ ያለ ማንኛውም የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ኃላፊ ይህን ሁለተኛውን የድርሰት ዘርፍ ጠንቅቆ ያውቃል።

ቡክስተሁደ ሲያረጅ ቦታውን የሚረከብ ሰው የእሱን ልጅ እንዲያገባ ፈለገ። እኛ ዘንድ ለጋብቻ ሽማግሌ ይላካል፤ ሉቤክ ላይ ክፍት የሥራ ቦታው ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ተላከ። በ1703 ወጣቶቹ ሙዚቀኞች ሃንደልና ጓደኛው ማቴሶን ከሃምቡርግ ተነሥተው ሄዱ፤ ኦርጋኑን አዩ፣ ተጫወቱበት፣ ቅድመ ሁኔታውን ሰሙ፣ ተመለሱ። ልጅቷ ከሃንደል በ10 ዓመት ትበልጥ ነበር። ቡክስተሁደ በ1707 ሲያርፍ ቦታውንም ልጅቷንም የወሰደው ሺፈርዴከር የሚባል ሰው ነው። ታሪክ ሺፈርዴከርን ብዙም አያስታውሰውም፤ ቤት ያገኘው ግን እሱ ነው።

በመካከሉ ባኽ መጣ። በ1705 የ20 ዓመት ወጣት ሳለ ከሚሠራበት ከአርንሽታት ከተማ የአራት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ወደ ሉቤክ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሩ ሄደ። አራቱ ሳምንት ወደ አራት ወር ተጠጋ። ከዚያ ዐይኑን በጨው አጥቦ ተመለሰ። በየካቲት 1706 የቤተ ክርስቲያኑ ሸንጎ ጠርቶ የት ነበርክ ሲለው፣ ስለ ሙያዬ አንድ ሁለት ነገር ልማር ሄጄ ነው አለ። ሸንጎው ቀጠለ፦ ስትመለስ በመዝሙሩ መካከል እንግዳ ድምፅ እያስገባህ ምእመኑን ግራ አጋባህ፤ ቀድሞ መግቢያህ ይረዝም ነበር፣ አሳጥር ብንልህ ደግሞ ከልክ በላይ አሳጠርክ። ማንም የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ አንባቢ ይህን ቃለ ጉባኤ ሲያነብ ቤቱ የገባ ያህል ይሰማዋል። ልዩነቱ እዚህ የተገሠጸው ሰው ባኽ መሆኑ ብቻ ነው።

የዚህን ጥናት መላ ምት ከሁሉ በላይ የሚያጠናክረው ግን የ1720ው የሃምቡርግ ጉዳይ ነው። በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን የኦርጋኒስት ቦታ ተከፈተ፤ ባኽም ዐይኑን ጣለበት። ቦታው የተሰጠው ሃይትማን ለተባለ ሰው ሲሆን፣ ሃይትማን ለቤተ ክርስቲያኑ ካዝና 4,000 ማርክ ከፈለ። በዚያው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉት ፓስተር ኖይማይስተር በዚህ እጅግ ተቆጥተው ሰበኩ። ከቤተ ልሔም መላእክት አንዱ ወርዶ በሰማያዊ ጥበብ ቢጫወት እንኳ ገንዘብ ካልያዘ ተመልሶ ከመብረር በቀር ዕድል የለውም የሚል መንፈስ ያለው ስብከት እንደነበር ማቴሶን ጽፎልናል። ጥናቱ ማስታወስ የሚፈልገው ስብከቱ ማማሩን፣ ገንዘቡ ግን አለመመለሱን ነው።

በ1840 ደግሞ የሙዚቃ ደራሲው ሜንደልሶን በላይፕሲክ ቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የባኽን ሥራዎች ተጫውቶ ለባኽ ሐውልት ማሠሪያ ገንዘብ አሰባሰበ። ለእግር መርገጫው ልምምድ ስምንት ቀን ለፍቶ ቀጥ ብሎ መቆም እስኪያቅተው ደርሶ ነበር። ሐውልቱ በ1843 ተመረቀ። በሕይወቱ ጊዜያዊ ፈቃድ ያበዛው ሰው በመጨረሻ በድንጋይ ቆሞ በሥራ ገበታው ላይ ተገኘ።

ወደ ታዳሚው ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ሉተራን ምእመን በተፈጥሮው ወደ ኋላ ወንበር ይሸሻል፤ ፊት የተቀመጠ ሰው ፓስተሩ ዐይን ውስጥ ይገባል ተብሎ ይታመናልና። ኦርጋኑ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ከበሩ በላይ፣ ከኋላ ሰገነት ላይ ነው። ስለዚህ በኮንሰርት ቀን ከመድረክ የሸሸው ሁሉ መድረኩ ሥር ይወድቃል። ፊት ለፊቱ ባዶ መሠዊያ፣ ከጀርባው 3,000 ቧንቧ። ሰውም ለአንድ ሰዓት መሠዊያውን በትኩረት ያያል፤ መሠዊያው ምንም አያደርግም። ሲያልቅ ሁሉም አንገቱን ጠምዝዞ ወደ ላይ ያጨበጭባል፤ ከሰገነቱ አጥር በላይ የአንድ ሰው ግማሽ ራስ ብቅ ብሎ ይጠልቃል። ትልቁን ሙዚቃ ያመጣው ይህ ግማሽ ራስ እንደሆነ በእምነት ይቀበላሉ።

ጭብጨባውም ራሱን የቻለ ችግር ነው። በአንዳንድ ቤት እስከ መጨረሻው እንዳይጨበጨብ በፕሮግራሙ ላይ ይጻፋል። ነገር ግን ቶካታ በሚባለው፣ በባኽ ስም በሚጠራው ዝነኛ የኦርጋን ድርሰት ውስጥ (የራሱ መሆኑን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ) ሙዚቃው ገና ከመጀመሩ ዝም የሚልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ አንድ እጅ ብቻዋን ታጨበጭባለች። ከእርሷ በኋላ የሚወርደውን ጸጥታ ያህል ከባድ ጸጥታ በጾም ጸሎት ላይም አይገኝም። የዝግጅቱ መዝጊያ ብዙ ጊዜ የፈረንሳዊው የቪዶር ቶካታ ነው። ቪዶር ካቶሊክ ነበር፤ በፓሪስ ሳን ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን በ1870 በጊዜያዊነት ተቀጥሮ ቋሚ ደብዳቤ ሳይደርሰው እስከ 1933 ሠራ። ይህን የሰማ የሀገራችን ኮንትራት ሠራተኛ ቢያንስ ቶካታውን ተነሥቶ ቢያደምጥ ተገቢ ነው።

እኛም ከዚህ ታሪክ የራቅን አይደለንም። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ለዐፄ ልብነ ድንግል ካመጧቸው ስጦታዎች መካከል ከሰይፉና ከዓለም ካርታው ጋር ኦርጋን እንደነበረ አብሯቸው የመጣው ቄስ አልቫሬዝ መዝግቧል። በ1534 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ዲያቆን ሚካኤል ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር ተወያየ። ኢትዮጵያ ኦርጋኑንም ሉተርንም በአንድ ንጉሥ ዘመን አገኘች፤ ሁለቱን ግን አላገናኘቻቸውም። ዛሬ ከዓለም ትልልቅ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት አንዷ በ1959 የተመሠረተችው መካነ ኢየሱስ ናት፤ ምእመናኗ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ ዝማሬዋ የቆመው በመዘምራን ጉሮሮ እንጂ በ10 ሜትር ቧንቧ አይደለም።

ቧንቧውን የሚያገኙት ወደ ሚኔሶታ የሄዱት ናቸው። እዚያ በስዊድንና በኖርዌይ ስደተኞች የተሠሩ የሉተራን ሕንፃዎች ውስጥ ከኢትዮጵያ የሄዱ ምእመናንም ይሰበሰባሉ፤ የሰፈሩም ኮንሰርት ይመለከታቸዋል። የሰፈር ኮንሰርት ከኦርጋን ኮንሰርት የሚለየው ታዳሚው የሚጫወተውን ሰው ወልዶት ስለሚመጣ ነው። የልጆች መዘምራን ሲወጡ ቤቱ ይሞላል፤ ዘምረው ሲወርዱ ግማሹ ይወጣል። ቀጥሎ የእጅ ደወል ቡድን ይገባል። ጓንት ያጠለቁ ሰዎች ተደርድረው እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ደወል ይይዛል፤ ሁለት ድምፅ የደረሳት ሴት ሙሉ መዝሙሩን ቆማ የራሷን ተራ ትጠብቃለች። ካመለጣት መዝሙሩ ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ይስቃል። ከእሷ ፊት የሚነበበውን ጭንቀት ያህል የቫዮሊን ሶሎ አያስጨንቅም።

ከዚያ ሙዳየ ምጽዋቱ ይዞራል። መግቢያ ነፃ ነው ተብሎ ነበር፤ ነፃ ስለሆነም ማንም የሚበቃውን ያህል ከፍሎ አያውቅም። ትኬት ዋጋው ተጽፎበት ይመጣል፣ ሰው ከፍሎ ይገላገላል። መሶበ ወርቅ በምታክል ቅርጫት ፊት ግን ጎረቤቱ እያየው ስንት ይጣል? ይህ ጥናት ለመነሻው ጥያቄ ያገኘው መልስ ይኸው ነው። ኮንሰርቱን ያኖረው ይሉኝታ ነው። የሉቤክ ነጋዴም የከፈለው፣ ሌላው ነጋዴ ስለከፈለ ነበር።

በመጨረሻ ሁሉም ወደ ምድር ቤት ወርዶ ቡና ይጠጣል። የስካንዲኔቪያ ልጆች የሆኑት ሉተራኖች የተፈጨ ቡና ላይ ጥሬ እንቁላል ሰብረው ያሹታል፤ አንዳንዱ ከነቅርፊቱ ነው፤ ከዚያ ያፈሉታል። እንቁላሉ አተላውን ሰብስቦ ይዞ ይሰጥማል፤ የሚቀዳው ጠጅ የመሰለ የጠራ ነው። የቡና እናት ሀገር ተወላጅ ይህን ሲያይ ፊቱ ላይ የሚታየውን ለውጥ አስተናጋጆቹ በሙዚቃው መነካት አድርገው ይተረጉሙታል፤ አታርሟቸው።

ስለዚህ ግብዣ የደረሳችሁ አንባቢዎች፣ ፊት ተቀመጡ፤ በዚያ ቀን ኋላ ማለት እሱ ነው። ሌላው ሳያጨበጭብ እጃችሁን አታንሡ፤ ዝርዝር ሳንቲም አትያዙ፣ ቅርጫቱ ውስጥ ይጮኻል። ልጃችሁ ዘምሮ ቢወርድም የደወሏን ሴትዮ ጠብቁላት። ቡናው ሲቀርብ፣ እንደ እኛው ሁሉ፣ እነሱም አንዴና ሁለቴ እምቢ የሚል እንግዳ ያከብራሉ። ብቻ እዚያ «በሞቴ» የሚል ሰው የለም፤ ሦስተኛው ላይ ተቀበሉ፣ አራተኛ አይጠይቋችሁም።