የመመለሻው አንቀጽ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

በደቡብ ኦሞ፣ በቱርሚ በኩል የሚያልፈው የካስኬ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። ውሃው ከሥር ነው፤ የፈለገ ይቆፍራል። የዚያ አገር አውሬዎች ለዚህ ሕግ ነበራቸው። ዝንጀሮ ይቆፍራል፤ አጋዘን መንገድ ይጠብቃል፤ ጅግራ ጭልፊት ስታይ ትጮኻለች፤ ውሃው ግን የሁሉም ነው። ሕጉን የሚያነበው አባ ኤሊ ነበር። ዳኛ የሆነው ዐዋቂ ስለነበረ አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ሲበታተን እሱ ገና ለመነሳት ሲያስብ ስለሚገኝ ነው።

ሕጉ አንድ ጉድለት ነበረበት። ከጉድጓዱ ማኅበር መውጣት የሚሻ ወገን እንዴት እንደሚወጣ ደረጃ በደረጃ ይናገራል፦ ሸንጎው ከሦስት ሁለት እጅ ይስማማ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ መንጋው ድምፅ ይስጥ፣ ከዚያ ንብረት ይከፋፈሉ። ወጥቶ ስለሚመለስ ግን አንድ ቃል የለም። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ላይ ጣቱን ያሳረፈ አንባቢ ይህን ሲሰማ አይደነግጥም። ክልል ለመለወጥ መንገድ አለ፤ ደቡብ ኦሞ ራሱ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ከነባሩ የደቡብ ክልል ወጥቶ ወደ አዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ገብቷል። በድንጋይ ተጣልቶ ለሚመለስ ግን ማንም አስቀድሞ አልጻፈም።

ጠቡ እንዲህ ጀመረ። አንድ ዓመት በሽታ ገባና ሸንጎው «መሰብሰብ ያጋባል፤ የአለቃ ምርጫ ይቆይ» አለ። የቡስካ ተራራ ዝንጀሮዎች «የአለቆች ዘመን አልቋል፤ እኛ እንመርጣለን» ብለው መረጡ። ሸንጎው «እንዳልተመረጠ ይቆጠራል» አላቸው። «እንግዲያው የእናንተም ዘመን አልፏል» አሉ። ከዚያ በኋላ ማን መጀመሪያ እንደወረወረ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሁለት በጋ ሙሉ ጉድጓዱን የሚቆፍር ጠፋ፤ ከተራራው ግርጌ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ የሚኖሩት እንሹዎች ደግሞ ተባረሩ። እንሹ ድንጋይ መወርወር አትችልም። ከተራራው በታች መኖሯ ብቻ በቂ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረባት።

ትግራይን እያሰብኩ እንደሆነ አልደብቅም። ክልሉ ጳጉሜ 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ለብቻው ምርጫ አደረገ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ውድቅ ነው አለው፤ በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተነሳ። በአንቀጽ 39 የወጣ ማንም የለም፤ ቢሆንም ጦርነቱ ሲያበቃ የሚያስፈልገው የመመለሻ ሕግ ነበር። እሱም የተገኘው ሩቅ፣ ፕሪቶሪያ ውስጥ ነው፤ በአፍሪካ ኅብረት አሸማጋይነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፦ መሣሪያ በ30 ቀን ይፈታ፣ ጊዜያዊ አስተዳደር ይቋቋም፣ የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው ቦታዎች በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይታዩ። መጋቢት 2015 ሕወሓት ከአሸባሪነት ዝርዝር ተሰረዘ።

አውሬዎቹም እንዲሁ በሩቅ ዛፍ ሥር ታረቁ። ዝንጀሮዎቹ ከተራራው ወርደው ድንጋያቸውን በካስኬ ዳር ከመሩ። አሁን ሸንጎው ሕግ ሊጽፍ ግራሩ ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ የመጀመሪያው ጥያቄም ራሱን አናጋው።

«ወጥተው ነበር ካልን እንግዳ ናቸው» አለ አባ ኤሊ። «አልወጡም ካልን ደግሞ ቅጣቱ ከየት መጣ?»

የሎጁ ቁራ ተሽቀዳደመ። ቱሪስቶቹ የሐመርን የከብት ዝላይ አይተው ሲመለሱ እራት ከሚበሉበት ጣሪያ ላይ ስለሚያድር የዓለምን ወሬ ያውቃል። «አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ሲያወራ ሰምቻለሁ» አለ። «እነሱም ዘንድ በፈረንጆቹ 1861 አሥራ አንድ ክፍላተ ሀገር ወጥተናል ብለው እስከ 1865 ተዋጉ። ሊንከን ጦርነቱ ሳያልቅ ‹ከመራጩ ከአሥር አንዱ ከማለ ይመለስ› አለ። ምክር ቤቱ ‹አነሰ፤ ግማሹ ይማል› ብሎ ሕግ አወጣ፤ እሱ ሳይፈርምበት ቀረ። በ1867 አሥሩን በአምስት የጦር ቀጠና ከፍለው ለጄኔራሎች ሰጧቸው። ለመመለስ አዲስ ሕገ መንግሥት መጻፍ፣ ጥቁር ወንዶች እንዲመርጡ መፍቀድ፣ የአገሪቱን ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ ማጽደቅ ነበረባቸው። ቴኔሲ ማሻሻያውን ቀድማ በ1866 ስላጸደቀች ከጄኔራል አመለጠች።»

«ወጥተው ነበር ወይስ አልወጡም?» አለ አጋዘን።

«ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1869 በቴክሳስ ጉዳይ ፈረደ። ከመጀመሪያውም አልወጡም፤ መውጣታቸው በሕግ ፊት ባዶ ነው።»

«ያልወጣን ሰው በር ላይ አቁሞ ግባ ማለት እንዴት ነው?»

«እሱን ሽማግሌው ሳያብራራ እራት ቀረበ።»

ሸንጎው ሳቀ። ከዳር ቆማ የነበረችው እመት እንሹ ግን እርጥብ አፍንጫዋን እያንቀጠቀጠች ጠየቀች፦ «ከወጡት በታች ይኖሩ የነበሩትስ? ባሪያ የነበሩት?»

ቁራው ትንሽ ዝም ብሎ ቀጠለ። «ጆርጂያ በ1868 ተመለሰች። ወዲያው የተመረጡትን ጥቁር የሸንጎ አባላት አባረረቻቸው። መልሰው አስወጧት፤ አባላቱን ወንበራቸው ላይ ካስቀመጠች በኋላ በ1870 ሁለተኛ ገባች፤ ከሁሉ መጨረሻ።»

«ደግ። ከዚያስ?»

«በ1877 ወታደሮቹ ጥበቃውን ተዉት። በደቡብ ያሉት ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸውን በሕግ አጥብቀው እስኪያገኙ 1965 ሆነ።»

ይህ ከተሰማ በኋላ ሸንጎው የሚጽፈውን ጻፈ ማለት ይቀለኛል። ስለ ድንጋዩ ክምር ረዥም ጻፈ፦ ስንት ክምር፣ ማን ይቆጥረዋል፣ በስንት ቀን። ስለ ጊዜያዊው አለቃ ጻፈ። ዝንጀሮዎቹ ከአመጸኞች ዝርዝር እንዲሰረዙ ጻፈ፤ ይህ ሲነበብ ጭብጨባ ነበረ። ስለ ቁጥቋጦው አንድ መስመር ገባ፦ «በአሮጌው ሕግ መሠረት ይታያል።»

ቁጥቋጦው ውስጥ ደግሞ አጋዘን ተኝቶበታል። «የአያቶቼ ነው፤ በድሮ ጊዜ በጉልበት ነው የተወሰደብኝ» ይላል። ውሸት ነው አልልም። እንሹ በበኩሏ ከዓይኗ ሥር የሚወጣውን ጥቁር ቅባት በየጭራሮው ጫፍ ቀብታለች፤ ካርታዋ እሱ ነው።

«ዝናብ አጥቦታል» አለ አጋዘን።

«ያልታጠበ ጭራሮ ካለ ሄደን እንይ።»

«ሕጉ ይታያል ይላል እንጂ መቼ ይታያል አይልም።»

በይገባኛሉ ላይ መፍረድ የኔ ሥራ አይደለም። ክርክሩ እስኪያልቅ ግን ማን ውጭ ያድራል የሚለው ጥያቄ ለብቻው መልስ ይፈልጋል፤ ሕግ አውጪ የሚያልፈውም እሱን ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ዓመታት በኋላም ከምዕራብ ትግራይ የተፈናቀሉ ሰዎች ሽሬና መቀሌ በመጠለያ ተቀምጠው ነበር። አለቆች ወደ ወንበር የሚመለሱበት መንገድ ገበሬ ወደ ቤቱ ከሚመለስበት ሁልጊዜ ያጥራል።

እመት እንሹ ወደ ጉድጓዱ ሊያስገባት የሚችል አንቀጽ ካለ አባ ኤሊን ጠየቀች። ጅግራ ጣልቃ ገባች፦ «እንሹማ ውሃ አትጠጣም። ከቅጠል የምታገኘው ይበቃታል።»

«ቅጠሉ ያለው ቁጥቋጦው ውስጥ ነው» አለች እንሹ።

ሸንጎው ይህን በአጀንዳ ያዘና ለሚቀጥለው ስብሰባ አስተላለፈ። የሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ በድንጋዩ ክምር ቆጠራ ተያዘ፤ ሁለት ድንጋይ ጎደለ ተባለ።

በሦስተኛው ስብሰባ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሁሉም ጥላ ሥር ሲከራከር፣ እንሹ ከባልዋ ጋር አሸዋውን ወረደች። ዝንጀሮዎቹ ገና ቆፍረው የተውት ጉድጓድ ነበረ፤ ውሃው ከሥር እየመነጨ ከዳር አሸዋ ይዞ ይናዳል። ጉልበቷን አጥፋ ደፈረሰ ሳትል ጠጣች። አጋዘን ሮጦ ደረሰ።

«እመት እንሹ፣ በየትኛው አንቀጽ ገባሽ?»

«በታችኛው በኩል ነው የገባሁት፤ አሸዋው እዚያ ለስላሳ ነው» አለችና ለባልዋ ቦታ ለቀቀችለት።

አጋዘን ወደ አባ ኤሊ ተመልሶ ምን ዓይነት ጥፋት እንደሆነ ጠየቀ። አባ ኤሊ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበ። «ከወጡት ዝርዝር ስሟ የለም» አለ። «ከተመለሱትም የለም።»

«ታዲያ ምን ልበላት?»

«ባልዋ ጠጥቶ ሲጨርስ ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቃቸው። ወደ ቁጥቋጦው ካሉህ ንገረኝ፤ እኔም እስከምደርስ ይመሻል።»