ለመድኃኒቱ ዘመድ፣ ለበሩ ባዕድ

ከአየር ጤናም ይምጣ ከአጣና ተራ፣ ከቤቴልም ይምጣ ከዘነበወርቅ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ደጃፍ ላይ የቆመ የኮልፌ ቀራንዮ ሰው የሚባለውን በቃሉ ያውቀዋል። ለዛሬ ምላሹን እነሆ።

«አስታማሚ ውጪ!»

እሺ ወጣን። «የእገሌ ቤተሰብ! ይህን መድኃኒት ከውጭ ግዙ» ሲባል ግን የሚሮጠው ማን ነው? ደም ሲጠፋ ክንዱን የሚዘረጋው፣ ሌሊት ኮሪደር ላይ ጋቢ ተከናንቦ የሚያድረው ማን ነው? ለመድኃኒቱ ዘመድ ካላችሁን ለበሩ ባዕድ አትበሉን።

«ሰው ሲበዛ ጀርም ይገባል።»

ውኃና ሳሙናውን በሩ ላይ አኑሩልን፣ እንታጠባለን። ብራዚል ውስጥ 36 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ሞክረውት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ቤተሰብ አስቀድሞ ተምሮ በቀን እስከ 12 ሰዓት አልጋው አጠገብ እንዲቆይ ተፈቀደለት። የታማሚውን መቃዠት አላስቀረለትም፤ ኢንፌክሽን ግን አልጨመረም፣ የዘመዱም ጭንቀት ቀነሰ።

«እኔም ካላየሁት አልሄድም!»

ይህ የእኛው የጠያቂዎቹ ነው። እድርተኛው በሙሉ በር ላይ ሲሰለፍ ጥበቃው ቢቆጣ አይፈረድበትም። አንድ ሰው ምረጡና እሱ ይግባ፣ እሱ ይጠይቅ፣ ለሌላው እሱ ይንገር። ፍቅር በግፊያ አይለካም።

«ደህና ነው።»

ደህና ከሆነ አፉ ውስጥ ያለው ቱቦ ምንድን ነው? ማሽኑ በጮኸ ቁጥር እናት ልጄ ሞተ ብላ ትብረከረካለች። «እማማ፣ ጣቱ ላይ ያለው መቆንጠጫ ሲላላም ይጮኻል፤ እኛ እናየዋለን። ቱቦው ስላለ አይናገርም፤ እርስዎ ግን ስሙን ይጥሩት፣ እጁን ይያዙት» የምትል ሲስተር አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም። እናትየዋም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማሽኑን ትታ ልጇን ታያለች።

«ለማስረዳት ጊዜ የለንም።»

ሥራው እንደሚበዛባችሁ እናያለን፤ በራችሁን አሥር ጊዜ የሚያንኳኳው ግን ያልተነገረው ዘመድ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በ22 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አለ። ሊሞቱ ከተቃረቡ ታማሚዎች ቤተሰቦች ጋር በሥርዓት ሲመከር፣ ውይይቱ ከ20 ደቂቃ ወደ 30 ከፍ አለ፤ ቤተሰቡ የሚናገርበት ጊዜም ከ5 ደቂቃ ወደ 14። ከሦስት ወር በኋላ የድንጋጤ ጠባሳ ምልክት የታየባቸው ዘመዶች 45 በመቶ ነበሩ፤ እንደ ወትሮው የተነገራቸው ግን 69 በመቶ። የጊዜው ልዩነት አሥር ደቂቃ ነው።

«እንዳይደነግጡ አንንገራቸው።»

መርዶ እንኳ በአገራችን ወግ አለው፤ ሰው ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ይነገራል። ሳይነገረን ከርሞ ኮሪደር ላይ በቁማችን የሚወረወርብን ቃል ነው የሚሰብረን። ሁኔታው መክበዱን ቀድማችሁ ንገሩን፤ አስቀምጣችሁ ንገሩን።

«ቤተሰብ የሕክምና ሥራ ውስጥ ምን አገባው?»

ዘነበወርቅን ጠይቁ። የዛሬው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ከመመሥረቱ በፊት እንኳ፣ የሥጋ ደዌ ያገኛቸውና አገር ያገለላቸው ሰዎች እዚያው በነበረው ሆስፒታል ዙሪያ ሰፍረው ትዳር መሥርተዋል፣ ልጅ አሳድገዋል። ታማሚና ቤተሰብ አንድ ላይ ሆነው ሰፈር አቅንተዋል። እዚህ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቤተሰብ ለሕክምና እንግዳ ሆኖ አያውቅም።

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

በቀን አንድ የታወቀ ሰዓት፣ አልጋው አጠገብ አንድ ወንበር፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በጉራጊኛም ቢሆን በሚገባን ቋንቋ የሚያስረዳ አንድ ሰው። ለዚህ ዶላር አይጠየቅም፣ ማሽን አይጫንም። ነገ ጠዋት መጀመር ይቻላል።